ታዛቢያችን አቶ ሴድሪክ ፎዘርጊል ስለ ማረፋቸውና ለቅሶው የማን እንደ ሆነ

ከላይኛው ስዌል የትራያል ሞተር ብስክሌት ክበብ
ለአባላት፣ ለጎረቤት ክበቦችና ለሸለቆው ነዋሪዎች በሙሉ
ረቡዕ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2023

ክበባችን የሃምሳ ሰባት ዓመት አባሉን፣ የቀድሞ ተወዳዳሪውንና የሠላሳ አራት ዓመት ታዛቢውን አቶ ሴድሪክ ፎዘርጊልን በሞት መነጠቁን የሚያስታውቀው በታላቅ ሐዘን ነው። በኀፍረትም ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አቶ ፎዘርጊል በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው የድንጋይ ጋራዥ ውስጥ፣ ለጥገና ከቆመ ሞተር አጠገብ ወድቀው ተገኝተዋል። ሐኪሙ ልባቸው በድንገት እንደ ቆመና ብዙ እንዳልተሠቃዩ ተናግረዋል። ያረፉበት ቀን በትክክል አይታወቅም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ የተገኙት ግን ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን ነው።

ይህ መግለጫ የዘገየበት ምክንያት አለው። ሟቹ አላገቡም፤ ልጅም የላቸውም። የወረዳው አስተዳደር ለክበባችን በጻፈው ደብዳቤ፣ እስከ ዓርብ ፌብሩዋሪ 10 ድረስ «የእኔ ነው» የሚል ዘመድ ካልቀረበ፣ አስከሬኑ ሰኞ ማለዳ ማንም በማይገኝበት ሥርዓት እንደሚቃጠል አሳውቆናል። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘመድ ስንፈልግ ቆይተናል። ፍለጋው የት እንዳደረሰን ከመናገራችን በፊት ግን ለሰውየው የሚገባውን እንበል።

አቶ ፎዘርጊል በ1943 ተወለዱ። በሸለቆው ራስ ባለው የድንጋይ ካባ ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት አርባ ሦስት ዓመት ሠርተው በ2003 ጡረታ ወጡ።

በ1966 ክበባችንን ሲቀላቀሉ ይዘውት የመጡት ሞተር ከሁለት ውዳቂ ሞተሮች ራሳቸው የገጣጠሙት ነበር። የነዳጅ ታንከሩ አረንጓዴ፣ የጭቃ መከላከያው ሰማያዊ በመሆኑ ተሳቀባቸው፤ ዳገቱን ሲወጡ ግን ሳቁ ቆመ።

በ1974 የክበቡን ዋንጫ አሸነፉ። የእኛ ውድድር የፍጥነት አይደለም፤ በጅረትና በቋጥኝ መካከል፣ ፈተና በምንለው የተከለለ መንገድ ላይ፣ ቆሞ መንዳት ነው። እግሩን መሬት ያስነካ በነካ ቁጥር አንድ፣ ሞተሩ የቆመበት ወይም የወደቀ አምስት ይቆጠርበታል፤ ትንሽ ቅጣት ያለው ያሸንፋል። አቶ ፎዘርጊል በዚያ ቀን በበረዶ ዝናብ አርባ ፈተና አልፈው አሥራ አንድ ብቻ ተቆጠረባቸው። ሽልማቱ ሲሰጥ አልነበሩም። የአንድ ተወዳዳሪ ፍሪሲዮን ለማስተካከል ቃል ገብተው ስለ ነበር ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ዋንጫውን የወሰደላቸው ሰው አልነበረም፤ ሁለት ወር በወቅቱ ጸሐፊ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሲጠሩ መጥተው «እናንተ የምትፈልጉት መስሎኝ ነበር» ብለው ወሰዱት።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሸለቆ ውስጥ በአቶ ፎዘርጊል እጅ ያላለፈ የትራያል ሞተር የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ካርቡራተር፣ ካንዴላ፣ የአሞርዛተር ዘይት፣ የጎማ ነፋስ፣ ሁሉም የሚያበቃው እርሳቸው ዘንድ ነበር። ሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚሠራበትን ልክ፣ ሲያስተካክሉ ካቻቢቴውን ሩብ ዙር ያዞሩና ሞተሩን አንደኛ ማርሽ ያስገቡታል። ከዚያ ጋዝ ሳይነኩ፣ መሪውን በአንድ እጅ ይዘው፣ ከጎኑ እየተራመዱ ግቢውን ይዞራሉ። ሳይጠፋ ሦስት ዙር ከሄደ ተስተካክሏል ማለት ነው። በመንገዱ ላለፈ ሰው ላም ውኃ ሊያጠጣ የሚወስድ ገበሬ ይመስሉት ነበር። አብሯቸው የሚዞር ሌላ ሰው አይተን አናውቅም።

አንደበታቸው ቁጥብ ቢሆንም ስለታም ነበር። የአሁኑ ሊቀ መንበራችን ጎርደን ሂርድ በወጣትነቱ ሞተሩን በገዛ እጁ ሲነካካ ከርሞ ይዞላቸው በሄደ ጊዜ የተባባሉትን ክበቡ በሙሉ ያውቀዋል።

«ይሄ ሞተር ነው ወይስ የታመመ በግ? ማነው የነካካው?»

«እኔው ነኝ።»

«ሁለተኛ ስትመጣ እጅህን ኪስህ ከተህ ና።»

በ1988 የዳሌ አጥንታቸው መወዳደር ሲከለክላቸው ታዛቢ ሆኑ። ታዛቢ ማለት በየፈተናው ዳር ቆሞ የተወዳዳሪዎችን ቅጣት በካርድ ላይ የሚመዘግብ ሰው ነው። ለእርሳቸው የተሰጣቸው ፈተና ቁጥር ዘጠኝ፣ ብላክ ጊል ጅረት፣ አርባ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድና ንፋሱ የማያባራ በመሆኑ ማንም የማይፈልገው ቦታ ነበር። ለአንድ ዓመት ተብሎ የተሰጣቸው ቦታ ሠላሳ አራት ዓመት የእርሳቸው ሆኖ ቀረ። ሰለቸህ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ስለ መኖሩ በቃለ ጉባኤ ላይ ምንም አልተገኘም።

በዳኝነታቸው አድልዎ አያውቁም። ከዓመታት በኋላ ያው ጎርደን ለዋንጫ እየነዳ ሳለ አንድ ቆጠሩበት።

«ሴድሪክ፣ በእናትህ! አልነካሁም እኮ!»

«ድንጋዩን ጠይቀው፣ ጎርደን። እኔ የጻፍኩት እሱ የነገረኝን ነው።»

ኖቬምበር 22 ቀን 2009 የሆነውን ክበቡ በመግለጫ አውጥቶት አያውቅም። በዚያ እሑድ ጉም ስለ ወረደ ኮሚቴው ውድድሩን አሳጥሮ ከፈተና ስምንት በላይ ያለውን ሰረዘ። ታዛቢዎቹን ሁሉ እንዲያመጣ የተላከው ሰው ብላክ ጊል ላሉት ሌላ ሰው የነገራቸው መሰለው። ሌላው ሰው ደግሞ እርሱ የሄደ መሰለው። እኛ ወደ መጠጥ ቤቱ ገብተን፣ በሊጥ የተጋገረ ሥጋችንን በልተን፣ ሽልማት ሰጥተን፣ አጨብጭበን ተበታተንን። የአንድ ሰው ወንበር ባዶ መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም።

በክበባችን ደንብ ታዛቢ ካርዱን የሚረከበው ሰው ሳይመጣ ከቦታው አይንቀሳቀስም። አቶ ፎዘርጊልም አልተንቀሳቀሱም። ሊመሽ ሲል በጎቿን ልታወርድ የወጣችው ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ኪርተን ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ፣ እርሳሳቸውን ይዘው፣ ባዶ ካርድ ጉልበታቸው ላይ አድርገው አገኘቻቸው። የነገረችንን እንዳለ እናቀርባለን።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ? ሁሉም ቤቱ ገብቷል እኮ!»

«አልነገሩኝም።»

«ይኸው እኔ ነገርኩህ። ተነሥ!»

«አንቺ የክበቡ አይደለሽም፣ ዊኒ። ካርዱን የሚቀበለኝ ሰው ይመጣል።»

«ማንም አይመጣም! ከንፈርህ ሰማያዊ ሆኗል!»

በመጨረሻ በክበቡ ስም እኔ እቀበልሃለሁ ብላ ካርዱን ከእጃቸው ወሰደችና ይዛቸው ወረደች። ከዚያ በኋላ የተሰበሰበው ኮሚቴ የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ደብዳቤው አልተጻፈም። መጻፍ የነበረባት የያኔዋም የዛሬዋም ጸሐፊ፣ ይህን መግለጫ የምታዘጋጀው ሞሪን ኦልደርሰን ናት። ለቀጣዩ ውድድር አቶ ፎዘርጊል ከሁሉም ቀድመው ተገኝተው ወደ ብላክ ጊል ወጡ። ቅሬታ ቢያቀርቡ ኖሮ ይቀለን ነበር።

የተገኙበትም ሁኔታ የሚያኮራን አይደለም። ሊቀ መንበራችን ሐሙስ ዕለት የተስተካከለ ሞተሩን ሊወስድ ሄዶ አንኳኳ፤ መልስ አላገኘም። ዓርብም እንዲሁ። ዓርብ ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ «ሴድሪክ ሞተሬን ይዞ ተደበቀ፤ እሑድ በምን ልነዳ ነው?» ብሎ አሳቀን፤ ሳቅን። ቅዳሜ አጥሩን ዘለለ። ጎርደን ይህ እዚህ እንዲጻፍ የጠየቀው ራሱ ነው። «የሄድኩት ሞተሬን ፍለጋ ነው እንጂ እሱን ፍለጋ አልነበረም፤ እንደዚያው ብለሽ ጻፊው» ብሏል። ሞተሩ ተስተካክሎ አልቆ ነበር።

የዘመድ ፍለጋው እንዲህ ሆነ። እናታቸው በ1979 ዐርፈዋል። ካናዳ የሄደች አንዲት እኅት ነበረቻቸው፤ እርሷም ሳትወልድ በ1996 ሞታለች። የሜቶዲስት ጸሎት ቤቱን መዝገብ አየን። በካባው አብረዋቸው የሠሩትን ጠየቅን። በስልካቸው ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሐኪም፣ አንዱ የመለዋወጫ ሱቅ። ከሱቁ ስልኩን ያነሣው ሰው ለሃያ ዓመት ሲያነጋግራቸው ኖሮ የመጀመሪያ ስማቸውን የሰማው ከእኛ ነው።

ባለፈው ሰኞ ጸሐፊዋ ሌላ መላ ስታጣ የቆዩ የምዝገባ ቅጾችን ካርቶን አወረደች። ተወዳዳሪም ሆነ ታዛቢ በየውድድሩ ማለዳ ቅጽ ይሞላል፤ ስም፣ አድራሻ፣ ከግርጌው ደግሞ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ የቅርብ ዘመድ። ቅጹን ተቀብለን ካርቶን ውስጥ እንጨምረዋለን፤ የታችኛውን መስመር የሚያነብ የለም፣ ምክንያቱም አደጋ ደርሶ አያውቅም። እስከ 1979 ድረስ በአቶ ፎዘርጊል ቅጽ ላይ የእናታቸው ስም አለ። በ1980 ቦታው ባዶ ነው። ከ1981 ጀምሮ እስካለፈው ኖቬምበር ድረስ፣ በየውድድሩ፣ በዚያው ቀጥ ያለ የእርሳስ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ የቅርብ ዘመድ፣ ክበቡ። ዝምድና፣ አባል።

ስልክ ቁጥርም አለው። የጸሐፊው የቤት ስልክ ነው። በእነዚያ ዓመታት ክበባችን አራት ጸሐፊዎች ነበሩት፤ ጸሐፊ በተለወጠ ቁጥር ቁጥሩም ተለውጧል። ማንንም ሳያስቸግሩ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እያዩ ይገለብጡት ነበር ብለን እንገምታለን። ብላክ ጊል ላይ ከረሳናቸው በኋላ የሞሉትን ቅጽ ለይተን ፈለግነው። እርሱም ያንኑ ይላል።

ጸሐፊዋ በዚያው ሰዓት ወደ ወረዳው ደወለች።

«ስለ ፎዘርጊል ነው። ዘመድ ተገኝቷል።»

«ደግ ነው። ማን ብዬ ልጻፍ?»

«እኛን።»

«እናንተ እኮ ክበብ ናችሁ፣ ወይዘሮ።»

«በጽሑፍ አለ። የአርባ ሁለት ዓመት ጽሑፍ ነው፤ ካርቶኑን ይዤ ልምጣ?»

ካርቶኑን ይዛ ሄደች። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የአስከሬን መረከቢያው ላይ ስሟን ፈረመች፤ ዝምድና በሚለው ቦታ ምን እንደምትጽፍ የጠየቃት አልነበረም፤ እርሷም አባል ብላ ጻፈች።

የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ሐሙስ ፌብሩዋሪ 16 ቀን ረፋድ ላይ በላይኛው ጸሎት ቤት ይፈጸማል። ሣጥኑን ስድስት አባላት ይሸከማሉ፤ እስካሁን ሠላሳ አንድ ሰው ስለ ጠየቀ በየመቶ ሜትሩ እንለዋወጣለን። ጎርደን ሂርድ ግን ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ እንደማይለቅ አስታውቋል፤ ኮሚቴውም አልተከራከረውም። ከቀብሩ በኋላ በመጠጥ ቤቱ የአሳማ ሥጋ ያለበት ዳቦና ሻይ ይኖራል።

የሐዘን መግለጫ ስናወጣ ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። ሁልጊዜ የምንዘጋው ለቤተሰብና ለወዳጆች መጽናናትን በመመኘት ነበር። ዛሬ ያንን ቃል የምንልክበት ሌላ ቤት የለም። ስለዚህ የጎረቤት ክበቦች ባልደረቦቻችንና የሸለቆው ሰዎች፣ ለቅሶው እኛ ዘንድ ነው። በጸሎት ቤቱ በር ላይ እንቆማለን። ስታልፉ እጃችንን ይዛችሁ እግዚአብሔር ያጥናችሁ በሉን፤ ለአርባ ሁለት ዓመት ዘመዳቸው ነበርን፣ የሰማነው ግን ባለፈው ሰኞ ነው።

የላይኛው ስዌል የትራያል ሞተር ብስክሌት ክበብ
ባለ ለቅሶ