የሃያት እግር ጣቶች

ለእህቴ ለናጂሃ፣ ጅዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም፤ የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ፍኖተ ሰላም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ለሱቃችን የቡሬ በርበሬ ዘንድሮ ደህና ገብቷል፤ ከደንበኛ ጋር የምንግባባው በማስነጠስ ነው።

ልጅሽን ሃያትን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወስጃት ተመለስን። ሐኪሙ ራጇን አይቶ የተጣመመ አከርካሪዋን በብረት ደግፎ ለማቅናት ከረመዳን በኋላ ቀጠረን። "ቁመትሽም ትንሽ ይጨምራል" ሲላት "አጎቴን እበልጣለሁ?" አለችው። በአሥራ አራት ዓመቷ እኔን መብለጥ አማራት!

ቀዶ ጥገናው መሃል ላይ ቀስቅሰው "እግርሽን አንቀሳቅሺ" ይሏታል አሉ፤ ነርቧ ደህና መሆኑን የሚያዩት በዚያ ነው። "ዶክተር፣ ይቺ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት እንኳ ስንቀሰቅሳት አትሰማም" ብዬ አሳቅሁት።

ከመጣን ወዲህ ጎህ ሲቀድ በራፏ ላይ ቆሜ "ሃያት፣ እግር!" እላለሁ። ዓይኗን ሳትገልጥ ጣቶቿን ታወዛውዛለች። ለጨዋታ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ዛሬ ጠራኋት፤ ጣቶቿ አልተወዛወዙም። ደግሜ ጠራኋት፤ ብርድ ልብሱ አልተነቃነቀም። ሮጬ ገብቼ እግሯን ስይዘው በሳቅ ፈነዳች።

"አጎቴ፣ ፈሩ እንዴ? እጅዎ ይንቀጠቀጣል!"

"የውዱእ ውሃው ቀዝቅዞኝ ነው" አልኳት። ለሶላት ግን ገና አልታጠብኩም ነበር።

ናጂሃ፣ አሠሪዎችሽ ፈቃድ ከሰጡሽ ለቀዶ ጥገናው ሳምንት ነይ። ምንም ሆኖ አይደለም፤ የእናቷን ድምፅ ሰምታ ካደረች ሲጠሯት ቶሎ ትነቃለች ብዬ ነው።

ዱዓሽ አይለየን።

ወንድምሽ መሐመድአወል