ከጭዱ ሥር ያለ እርጥበት

መጋቢት 3

ዘርፉን ወደ ሁሩታ ሸኘኋት። ልጃችን ጉዲቱ ወልዳለች፤ እስከ ፋሲካ እዚያው ሆና ታርሳታለች። ሚኒባስ ውስጥ ገብታ እንኳ ወሬዋ ስለ ሦስቱ የአቮካዶ ችግኞች ነው። አምና ለቅሶ ሄዳ ስትመለስ ያኔ የነበሩት ሁለት ችግኞች ደርቀው ጠበቋት። ጠባቂው እኔ ነበርኩ።

"እነዚህም ከደረቁ በቃኝ። ግቢውን ሲሚንቶ አስደርገውና መኪናህን አቁምበት።"

ተቆጥታ ብትናገረው ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

መጋቢት 6

ሙቀት። ጠዋት ያጠጣሁት አፈር ሞጆ ካለው ሥራዬ ስመለስ ተሰነጣጥቆ ይጠብቀኛል። ቧንቧው በፈረቃ ነው ይሉናል... የታለ ፈረቃው? በርሜል ውስጥ ያለችውን ውኃ ፀሐይ እንዲጠጣት ነው እንዴ የማፈሰው? ጉዝጓዝ ያስፈልጋል። አፈሩ መልበስ አለበት።

መጋቢት 8

የጤፍ ጭድ በጋሪ አስመጣሁ። በየችግኙ ዙሪያ ወፈር አድርጌ ዘረጋሁት፣ ግንዱን ሳላስነካ። ከነካ ያበሰብሳል፤ ምስጥም ይጠራል። ጎረቤቴ አብተው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያየኛል።

"ጋሽ ቀነዓ፣ በሬ ሊያስገቡ ነው እንዴ?"

"አንተን ላስርበት ነው።"

ሳቀ። እኔም ትንሽ... ቤት ከገባሁ በኋላ።

መጋቢት 15

ጣቴን ከጭዱ ሥር ሰደድኩ። እርጥብ! ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አላጠጣሁም። ላዩ እሳት፣ ሥሩ ቀዝቃዛ። ደጋግሜ ነካሁት፣ እንደ ሕፃን። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይወራል?

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ተናድጃለሁ። የጸሎት ቡድናችን ዛሬ ተራው እኛ ቤት ነበር። ዘርፉ ስለሌለች ሴቶቹ ቀድመው መጥተው ቤቱን ሊያሰናዱ ቁልፍ ሰጥቻቸው ነበር። ከሥራ ስመለስ ግቢው ተጠርጎ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት ያበራል። ጥግ ላይ ጭስ። ጭዴን አቃጥለውታል! በርሜሉን አየሁ፤ ባዶ።

"ማን ንኩ አላችሁ?"

እህት በላይነሽ መጥረጊያውን እንደያዘች ቀረች። "ቆሻሻ መስሎን ነው ወንድም ቀነዓ። ሴት የሌለችበት ግቢ እንዳይባል ብለን..."

"ይባላ! እናንተን ምን ቸገራችሁ!"

ጮህኩ። በጣም ጮህኩ። ጸሎቱን የመራችው እሷው ናት፦ "ጌታ ሆይ፣ የወንድማችንን ልብ አለስልስልን።" ሌሎቹ "አሜን" ሲሉ ቤቱ ተናጋ። ዓይኔን አልጨፈንኩም።

መጋቢት 22

ቅጠሎቹ ተጠቀለሉ። የትንሿ ጫፍ ጠቁሯል። ውኃ የለም። ከአብተው አንድ ጀሪካን ለመንኩ፤ ሰጠኝ፣ ስለ በሬም አላነሳም። ዘርፉ ደወለች።

"እንዴት ናቸው?"

"ደህና።"

ምን ልበላት?

መጋቢት 23

እንደገና ደወለች። በላይነሽ ነግራታለች። ወቀሳ ጠብቄ ነበር።

"ለኔ ችግኝ ነው እንደዚያ የጮህከው?"

"ለማን መሰለሽ?"

  ሳቅ ሰማሁ... "በል በላይነሽን ይቅርታ ጠይቃት። ጨካኝ።"

መጋቢት 24

እኔ ሳልሄድ በላይነሽ መጣች። ባጃጅ፣ ከኋላው ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጭድ። በር ላይ ቆመች።

"አልገባም። ተቀበለኝና ልሂድ።"

"ግቢ እንጂ እህት በላይነሽ። ይቅርታ... ክፉ ተናግሬአለሁ።"

"ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።" ገባች ግን። ነጠላዋን አጣፍታ አብራኝ ዘረጋች። ጭዱን ግንዱ ላይ ስትከምር፦

"ኧረ አይነካ! ራቅ አድርጊው!"

"ይኸው ጀመረው!" አለች። "ጸሎታችን ገና አልደረሰም ማለት ነው።"

ሁለታችንም ሳቅን።

ሚያዝያ 2

ዝናብ! ቆርቆሮው ሲንኳኳ መስኮት ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሲያባራ ወጣሁ። መንገዱ ደለል ሆኗል፤ ጭዱ አፈሩን ይዞታል። የትንሿን ቅርፊት በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። ደረቅ ነው፤ ሞታለች። ሁለቱ ግን ከአናታቸው ቀላ ያለ ቡቃያ አውጥተዋል። አብተውን ጠርቼ አሳየሁት። ለምን እንደጠራሁት አላውቅም። እፎይ።

ሚያዝያ 15

ዘርፉ ትናንት ገባች። ሻንጣዋን ሳታወርድ ወደ ችግኞቹ ሄደች። የሞተችውን እያየሁ ማብራሪያ ጀመርኩ... ስለ በርሜሉ፣ ስለ ሙቀቱ።

"ሁለት ተርፈዋል እኮ፣ ቀነዓ" አለችኝ።

ዛሬ የሞተችውን ነቀልኩ። ጉድጓዱ ላይ ቆመን ተከራከርን።

"ሎሚ ይሁን።"

"ፓፓያ ቶሎ ይደርሳል።"

"ፓፓያ ግቢውን ያበላሻል። ሎሚ ነው ያልኩህ።"

"እሾሁስ? የጉዲቱ ልጅ ሲያድግ?"

"ገና የወር ልጅ ነው! እሾህ እስኪያውቅ..."

ራት እስኪቀርብ አልተስማማንም። አሁን ተኝታለች። ነገ ሁለቱንም ገዝቼ እመጣለሁ። ለፓፓያው ሌላ ጉድጓድ እቆፍራለሁ፤ ከመስኮቷ ራቅ አድርጌ።