የእህቴ አንገትና የላብራቶሪ ፈተናዬ

ሰኞ

ዛሬም ጅማቱን ጡንቻ ብዬ ጻፍኩት። የላብራቶሪ መምህራችን ወረቀቴን አየና «ኒውክለሶቹን ተመልከቺ እንጂ ምሕረት። ክሩ ውስጥ ናቸው ወይስ በክሮቹ መሃል ተጨፍልቀው?» አለኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ አየሁ። ሮዝና ሐምራዊ። ሌላ ምንም አልታየኝም።

የሰው አካል ከአራት ዓይነት ኅብረ ሕዋስ ነው የተሠራው፦ የሚሸፍን፣ የሚያያይዝ፣ የሚኮማተር፣ መልእክት የሚያደርስ። ይህን ሕፃን ልጅም ይሸመድደዋል። ማይክሮስኮፕ ሥር ሲሆን ግን ሁሉም ይደበላለቅብኛል። ፈተናው ሐሙስ ነው። በየማይክሮስኮፑ ፊት ትንሽ ትቆሚያለሽ፣ ደወል ይደወላል፣ አወቅሽም አላወቅሽም ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ። ተመልሶ ማየት የለም።

የምፈራው ፈተናውን ብቻ በሆነ። ነገ ታደለች ከመንደራችን ከኮንጋ ለምርመራ ትመጣለች። ታላቅ እህቴ ናት። አባታችን ሲሞት ትምህርቷን አቋርጣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቀጠረች፤ እኔ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በእሷ ጉልበት ነው። ለበዓል ቤት ሄጄ ጸጉሯን ስሠራት ጣቴ አንገቷ ላይ እብጠት አገኘ። «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» አለች። አልጠፋም። ሌላም ከጎኑ ወጣ። ከስታለች። ልጇ ደግሞ ገና ጡት አልጣለም።

ካንሰር ቢሆንስ? ይኸው፣ ጻፍኩት።

ማክሰኞ

በሞተር እስከ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሚኒባስ መጣች። ሻርፗን እስከ አገጯ ጠምጥማዋለች።

ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ቀዳና መስታወት ላይ ቀባው። ላብ ውስጥ በየቀኑ የማነሣት ያቺው ስላይድ ናት። የእህቴ ስትሆን ግን ማየት አቃተኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። ውጤቱ ዓርብ ነው ተባልን።

«አንቺ የምትማሪው ይሄን አይደል?» አለችኝ ስንወጣ።

«ይሄን ነው።»

«ታዲያ አንቺው አይተሽ ንገሪኛ!» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ልጇን ለእማዬ ትታ ስለመጣች ማደር አልፈለገችም። መነኸሪያ ሸኘኋት። መኪናው ሊሞላ ሲል እጄን ያዘችና «ምሬ፣ እንደው ክፉ ነገር ቢሆን፣ ልጄን...» አለች።

«ዝም በይ ታዱ!»

እጄን ለቃ ተሳፈረች። አሁን ጸጸተኝ። መናገር ፈልጋ ነበር፤ መስማት የፈራሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ምሳ አልበላሁም። እራትም እንጃ።

ላብ ውስጥ ያየሁት ሁሉ በሽታ ሆነብኝ። የአንጀት ሽፋኑን ሳይ ሴሎቹ የበዙ መሰለኝ። መምህሩን ጠርቼ «ይሄ ጤነኛ ነው?» አልኩት።

«እዚህ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። ምን ሆነሻል?»

ነገርኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ሐኪሙን ስላይዱን አሳየኝ እንዳትይው» አለ። እንዴት አወቀብኝ? ነገ ሄጄ ልለምነው አስቤ ነበር። «ጤነኛውን ለይተሽ ሳታውቂ የታመመውን ብታዪ፣ የምታዪው ፍርሃትሽን ነው።»

ከዚያ የነርቭ ሴል አስቀመጠልኝ። ትልቅ፣ ዙሪያውን ቅርንጫፍ ያወጣ። ወዲያው ለየሁት። የዛሬ ድሌ ይህች ብቻ ናት።

ማታ የራሴን አንገት ስዳብስ ትንሽ ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘሁ። ጮህኩ። አብራኝ የምታድረው ቤቲ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ከአልጋዋ ተነሥታ ዳሰሰችኝና «ባክሽ አታካብጂ፣ ሁላችንም አለን፤ ይኸው የኔ» ብላ ጣቴን አንገቷ ላይ አደረገችው። እውነትም አላት።

ለመጸለይ ተንበረከኩ። ከታደለች ስም ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ሐሙስ

ተፈተንኩ።

ቆዳውን አወቅሁ። የልብ ጡንቻውን አወቅሁ። ጅማቱንም! አራተኛው ማይክሮስኮፕ ላይ ግን ብቻቸውን የተበተኑ ክብ ክብ ሴሎች ታዩኝ፤ ከታደለች አንገት በመርፌ የወጣው ይህንን ይመስል ይሆን አልኩ፤ አለቀ። ዓይኔ እያየ አእምሮዬ ዝም አለ። ደወሉ ተደወለ። ባዶ ትቼው አለፍኩ።

ስወጣ ቤቲን ጠየቅኋት። «ደም ነዋ!» አለች። ደም። ከአያያዦቹ ወገን መሆኑን ስንት ጊዜ ሸምድጄዋለሁ።

አልፌ ይሆን? አላውቅም። ነገ ዓርብ ነው።

ዓርብ

ታደለች ጠዋት ደውላ «እግሬ እምቢ አለኝ፤ አንቺ ተቀበይልኝ» አለች። ከኋላዋ ልጁ ያለቅሳል።

ሐኪሙ ወረቀቱን ገለጠና «ነቀርሳ ነው» አለኝ። ግድግዳውን ያዝኩ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፁ አይሰማኝም። ተነሥቶ አስቀመጠኝና «ኧረ ስሚኝ! ቲቢ ነው የምልሽ። የዕጢ ቲቢ!» አለ።

በአማርኛችን ካንሰርም ቲቢም ነቀርሳ ይባላሉ። አንዱ ስም ለሁለት መርዶ።

በመድኃኒት ይድናል አለ፤ ስድስት ወር ሳታቋርጥ ከዋጠች። ሰኞ ለራጅ ትምጣ፣ ሳንባዋ መታየት አለበት፣ ልጁም ይመርመር። «ታጥባው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ታጥባው» አለኝ።

በረንዳው ላይ ቆሜ ደወልኩ። ያነሣችው እማዬ ናት። እኔ ሞኟ ደግሞ ያንኑ ቃል ደገምኩት፤ «ነቀርሳ...» ስል ጩኸቷ ጆሮዬን ሰነጠቀው። «እማዬ፣ ቲቢ! ቲቢ ነው!» እያልኩ እኔም ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ በቲቢ ስም እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም።

ታደለች ስልኩን ተቀበለች። «ይድናል?»

«ይድናል።»

«ምሬ፣ ልጁን ላጥባው? ከጠዋት ጀምሮ እንዳይጋባበት ብዬ ከልክዬዋለሁ።»

«ሐኪሙ አጥቢው ብሏል።»

ሳንባዋ ምን እንደሚል ገና አላወቅንም። የልጁንም። ሰኞን እፈራዋለሁ። ስልኩን ግን ሳትዘጋው አስቀመጠችው፤ የልጁ ልቅሶ ቀስ እያለ ሲቆም ሰማሁ።