ለዘሊካ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠንበትን ምክንያት ስለ መግለጽ

ለጥቁር ዓባይ ዳር የደን ኮሌጅ የመምህራን ቅጥር ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
ካርቱም፣ ጀሪፍ
ነሐሴ 2013 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ቤተሰብዎና ለኮሚቴው አባላት በሙሉ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናችሁ እንደምን እንደሰነበተ፣ እንዲሁም መብራት በመጣ ቁጥር ስብሰባችሁን የሚያስረዝመው የቢሮአችሁ ማቀዝቀዣ እንደምን እንደከረመ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ የጀሪፍ ኢትዮጵያውያን ከዳቦው ሰልፍና ከወንዙ ሙላት በስተቀር ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን።

ስሜ ስንቅነሽ ወልደሥላሴ ይባላል። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከኮሌጃችሁ አጥር ጋር የሚዋሰነው የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፣ ከዚህም በላይ በኮሌጃችሁ የአገር በቀል ደን አያያዝ ክፍል የምትማረው የሜላት እናት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ በእድራችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለእርስዎ የሚደርሰውን ወደ ዐረብኛ የምትመልሰው ልጄ ስለሆነች፣ ለስላሳ አድርጋ እንዳትተረጉመው አጥብቄ አስጠንቅቄያታለሁ።

በመጀመሪያ ምስጋና ይቅደም። ከሁለት ዓመቱ አብዮት በፊት መምህር የሚቀጠረው ከላይ በተደወለ ስልክ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ግን ጊዜው የነጻነትና የፍትሕ ስለሆነ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳል፣ ንዑስ ኮሚቴውም ሕዝብ ያማክራል። ሕዝቡ እኛ ሆነን መገኘታችን ያኮራናል። ያም ሆኖ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. በማስታወቂያችሁ ላይ እንደሠፈረው፣ ሰዎች ከአባት ከአያት በተቀበሉት ልማድ ዛፍን እንዴት እንደሚጠብቁ የሚያስተምርና የሚመራመር መምህር ፈልጋችኋል፤ ዕጩዎቹንም ዛፍ የሚጠብቅ ማኅበረሰብ ፊት እንዲያስተምሩ አድርጋችሁ ልታስመዝኑ ወስናችኋል። ግሩም ሐሳብ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማኅበረሰብ የሚኖርበት አገር ሩቅ፣ ነዳጁም እንደ ልብ የማይገኝ ስለሆነ፣ ኮሚቴው ብዙ ከመከረ በኋላ የሱዳንን አገር በቀል ዕውቀት የሚመዝንለት ማኅበረሰብ ከአጥሩ ማዶ አገኘ፤ እርሱም ከጎንደርና ከወሎ የመጣን ልብስ ሰፊዎች፣ ሾፌሮችና ቅመም ነጋዴዎች ነን። በእርግጥ እኛም ደን አለን። አባል በሞተብን ቁጥር በአርባው ቀን በቅጽራችን ዛፍ እንተክላለን፤ ከተተከለ ወዲያም መጥረቢያ አይነካውም። ለአጥራችን ቅርበት ስላደረጋችሁልን ክብር ከልብ እናመሰግናለን።

2. የመጀመሪያው ዕጩ ዶክተር ኑርሁሴን ነበሩ። ካርቱም ሁለት ከሚባለው የባለጸጎች ሰፈር በመኪና መጥተው፣ በጥላው ሥር ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ስለ ሩቅ አገር ደኖች አስተማሩን። ጨዋ ሰው ናቸው፤ አንድ ክፉ ነገር አልወጣቸውም። እኛም ደኅናውን ወንበር አቀረብንላቸው፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከሱቅ አስመጣንላቸው፣ ባልገባን ቦታ ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን። ሲጨርሱ የኮሚቴያችሁ ጸሐፊ አቶ ኢሳ እየዞረ ከአሥር ስንት እንደምንሰጣቸው ጠየቀን። ሰውየው ገና ከወንበራቸው አልተነሡም። ክቡር ሆይ፣ ከቤትዎ የገባን እንግዳ ፊቱ ላይ ሰባት ይሰጡታል? ሁላችንም አሥር አልን። እትዬ በቀለች፣ ቅመም ነጋዴዋ፣ አሥር ያንሳል ብላ ልትጨምር ስትል አቶ ኢሳ ከዚያ በላይ እንደማይቻል ነገራት። ማታ በእድሩ ስንሰበሰብ፣ ዶክተሩ ካሉት አንዲት ነገር የሚያስታውስ አልተገኘም።

3. ሁለተኛዋ ዕጩ ዘሊካ ነበረች። «ዶክተር» ያላልኳት ዲግሪዋን ንቄ ሳይሆን፣ እኛ ቤት እንዲህ ተብላ ስለማታውቅ ነው። ዘሊካ ወላጆቿ ከደማዚን ወዲያ ከጫካው አገር የመጡ፣ በከተማው ዳር በካላክላ ሰፈር ያደገች ልጅ ናት። አብዮቱ ኮሌጁን ሲዘጋው፣ ኋላም የኮሮና በሽታ ዳግመኛ ሲዘጋው፣ ያለ ቅጥር ውል ከካላክላ ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ እየተጋፋች መጥታ ተማሪዎቿን በእኛ ቅጽር፣ ሱንጥ ከሚባለው ከወንዝ ዳሩ ግራር ጥላ ሥር ያስተማረች እርሷ ናት። ልጄ ሜላት አብዮቱ ሲጀመር ኮሌጅ ገብታ እስከ ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለች ከርሞ ጥጃ ናት፤ ያቺንም ሁለተኛ ዓመት ያገኘችው በዘሊካ ነው።

ስለ ጋሽ ተድላ ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። ጋሽ ተድላ የእድራችን ሊቀ መንበር፣ የቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ጽድ የሌለበት ቅጽር ቅጽር አይመስላቸውም። ስለዚህ ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ ከጎንደር የጽድ ችግኝ በጣሳ፣ በአውቶቡስ አስመጥተው ተከሉላቸው። ካርቱም በግንቦት አነደደችው። እንደገና አስመጡ፤ እንደገና ነደደ። እኛ ሁላችን የዛፉን መድረቅ እያየን፣ እንዳናስቀይማቸው «ያቆጠቁጣል» እያልን እናጽናናቸው ነበር። ሦስተኛውን ጣሳ ይዘው ሲመጡ ዘሊካ አይታቸው፣ «ኸላስ፣ በቃ ጋሽ ተድላ። ለባለቤትህ እዚህ የሚኖር ዛፍ ትከልላት» አለቻቸው። ሽማግሌው ተቆጡ፤ ለሳምንታት ሰላም አላሏትም። እርሷ ግን የሱንጥ ችግኝ አምጥታ ከበራቸው አስቀምጣ ሄደች። ተከሉት። ዛሬ ከቁመታቸው በልጧል፤ ማለዳ ማለዳ ከሥሩ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

እንግዲህ ይህችው ዘሊካ ለፈተናው ስትቀርብ ወንበር ያቀረበላት የለም፤ እንደ ልማዷ መሬት ተቀመጠች። አስተማረች፤ ተከራከርናት፤ መለሰችልን፤ ደግመን ተከራከርናት፤ ከቀትር አለፈ። አቶ ኢሳ ነጥቡን መጠየቅ ሲጀምር ጋሽ ተድላ፣ «አራት ይበቃታል፤ የገዛ ልጅ ፊት ለፊት አይመሰገንም» አሉ። እትዬ በቀለች አምስት ሰጠች። እኔ ስድስት ሰጠሁ፤ የእኔ ከፍተኛው ነበር፣ ለዚያውም አብዝተሻል ተብዬ ተወቅሻለሁ። ዘሊካም ከእኛ ጋር እየሳቀች ነበር፤ እንኳን እኛ እርሷም ነገሩ ቁም ነገር አልመሰላትም።

4. ይህኛው ቅሬታ አቶ ኢሳን የሚመለከት ቢሆንም፣ የታዘዘውን የሚሠራ ትጉህ ሰው ስለሆነ ቅር እንዳይለው እለምናለሁ። እትዬ በቀለች «ቁርስ ሳትበላ ነው የምትመጣው፤ ከስታለች» ብላ አምስት ስትሰጥ፣ በሪፖርቱ «ጤንነቷ አጠራጣሪ ነው» ተብሏል። ጋሽ ተድላ «ትከራከራለች» ያሉት «ከማኅበረሰቡ ጋር ግጭት አላት» ሆኗል። እኔ ልጄን ግንድ እያስለካች ታስመሽብኛለች ማለቴ «የሰዓት አከባበር ጉድለት» ተብሎ ሠፍሯል። የጋሽ ተድላ አራት ተጽፏል፤ ቀጥለው የተናገሯት ቃል ግን አልተጻፈችም። ቦታ ጠቦ ይሆናል።

5. በመጨረሻም ኮሚቴው በረዥም ጥናት «ማኅበረሰቡ ዘሊካን አልተቀበላትም» ብሎ ወስኖ ለዶክተር ኑርሁሴን ሹመት እንደተዘጋጀ በሰሌዳ ለጥፏል። የሚፈረመውም ሐሙስ ነው። ዶክተሩ ከውጭ ጉዟቸው ሲመለሱ እንደሚጀምሩ ሰምተናል፤ መቼ እንደሚመለሱ ግን አልሰማንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እናንተ ግን ሁለት ዓመት ቁጭ ብላችሁ ታጥቃችሁም ሊፈታ ነው።

ዘሊካ ይህን ሰሌዳ አንብባ ወደ እኛ መጣች። ወቀሳ አልነበራትም። ገዳሪፍ የእርዳታ እህል የሚያድል ድርጅት ሥራ እንደሰጣት፣ እሑድ እንደምትሄድ ነገረችንና ተማሪዎቿን አደራ ሰጥታን ሄደች። ጋሽ ተድላ እስከ ማታ እህል አልቀመሱም። እኔ ደግሞ አፈርኩ፤ ከማፈሬም ይልቅ ተናደድኩ፤ ይህ ደብዳቤ የንዴቴ ውጤት መሆኑን አልደብቅም። ሰው ለዛፍ ብሎ ሕይወቱን ከሰጠ በኋላ፣ በእኛ ጨዋነትና በእናንተ ሒሳብ መካከል ተፈጭቶ እህል እንዲያድል መላክ አለበት?

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በአገራችን ሥርዓት አሥር ለእንግዳ፣ አራት ለልጅ እንደሚሰጥ ከዛሬ ጀምሮ እንዲያውቁልን በትሕትና አመለክታለሁ። ሐሙስ ከመፈረምዎ በፊት ከማቀዝቀዣው ተነሥተው አጥሩን ይሻገሩና እንደገና ይጠይቁን። «ከአሥር ስንት?» ብለው አይጠይቁን። «ነገ ማን እንዲመጣላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ይበሉን። ለዚህ ጥያቄ እትዬ በቀለች እንኳ ይሉኝታ አይይዛትም።

የኮሚቴው ዕድሜ ከስብሰባው ይርዘም እያልኩ፣ ለሰጣችሁን ክብርና ለነሣችሁን መምህርት በእኩል መጠን እያመሰገንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ

ታዛዥዎና ጎረቤትዎ
ስንቅነሽ ወልደሥላሴ
የእድሩ ጸሐፊ፣ ጀሪፍ

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ደብዳቤ አምስት ቅሬታ ስለዘረዘርኩብዎ እንዳያዝኑ አደራ እላለሁ፤ ዘመድ ባናደርግዎ ባልወቀስንዎ። ሐሙስ ፈርመውበት ከዋሉ ግን ዓርብ ጠዋት ሌላ ደብዳቤ ይደርስዎታል፤ በእርሱ ውስጥ ከምስጋና በቀር ምንም አያገኙም።