ሁለት አሻራ ያረፈበት ወረቀት

ቅዳሜ፣ ቢቸና

የድምፅ ቆጣሪ ሆንኩ! ከተመረቅኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ፤ የጥቂት ቀን ቢሆንም ሥራ ነው። የምርጫ ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ምንይችል፣ ቋሚ ሥራ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ሹም ናቸው። ስለዚህ ለነገ፦ አለማርፈድ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ አፍ መዝጋት። ሦስተኛው ያሰጋኛል።

እሑድ

ሰልፉ አያልቅም። መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ በመረጠው ተወዳዳሪ ምልክት ላይ፣ በመሰላሉ ወይም በጃንጥላው፣ ያሳርፋል። አንዲት እናት "ልጄ፣ ጠንከር ላድርገው?" አሉኝ። "እንደወደዱ" አልኳቸው። አሳረፉና አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። አሁን ሳጥኑ ሊከፈት ነው።

ሰኞ

አቶ ምንይችል ወረቀቱን ገልጠው ከፍ ያደርጋሉ፤ "መሰላል!" "ጃንጥላ!" ይላሉ፤ እኔ እደረድራለሁ። ሁለት ምልክት ላይ አሻራ ያለበት ሲመጣ "ዋጋ አልባ" ብለው ወደ ዳር። የዳሩ ክምር ወፈረ። መሰላል በጥቂት በለጠ።

ክምሩን ሳስተካክል አንዱን በነበረው እጥፉ መለስኩት። ሁለቱ አሻራዎች ገጠሙ። ሌላውም እንደዚያው። ለካ ሰዎቹ ሁለቴ አልነኩም! ቀለሙ ሳይደርቅ ስላጠፉት ወደ ማዶው ምልክት ተላልፎ ነው። ደማቁ የጣታቸው፣ ፈዛዛው የእጥፉ።

ዝም ልበል? ሥራውን አሰብኩ። ደግሞ "ጠንከር ላድርገው?" ያሉኝ እናት ትዝ አሉኝ።

"ይቅርታ፣ እነዚህ እንደገና ይታዩ።"

"አንቺ ልጅ፣ መመሪያው ግልጽ ነው" አሉ አቶ ምንይችል። "ደክሞናል እኮ።"

አጥፌ፣ ገልጬ አሳየኋቸው። ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሰይድ፣ የመሰላል ታዛቢ፣ ወደ መስኮቱ ወስደው አገላብጠው አዩት። "ከመሰላሉ ልታወርጂኝ ነዋ!" ሲሉ ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ተነፈሱና፣ "ምን ይደረግ፣ እውነቷን ነው። ይቆጠር።"

ተቆጠረ። ጃንጥላ መሰላልን በለጠ። አቶ ምንይችል ሲፈርሙ ቀና ብለው አላዩኝም።

ማክሰኞ፣ ሞጣ

በደብረ ወርቅ በኩል እማዬ ቤት ገባሁ። ከአቶ ምንይችል ጋር ስንለያይ ስለ ቋሚ ሥራው አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አላነሱም። መንገዱን ሙሉ ፊታቸው ድቅን ይልብኛል። ብናገርም ባልናገርም የሚቆጨኝ ነገር አይጠፋም ነበር፤ ይሄኛው ይሻላል መሰለኝ።

ለእማዬ ሁሉንም አወራኋት። ትኮራብኛለች ብዬ ስጠብቅ አውራ ጣቷን አየችው፤ ቀለሙ ገና አልለቀቀም።

"እኔም እኮ ወዲያው ነው ያጠፍኩት" አለች።

"አይዞሽ፣ እዚህም ቆጣሪ አለ።"

"አለ። እሱስ አጥፎ አየው?"

አላውቅም፣ እማዬ።