የሞተ ወንድምን ስላመጣች ክኒን

ለተከበሩ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የእንቅልፍዎን ጥልቀት እመኛለሁ፤ በእኛ ቤት ሦስቱም ከጎደሉ ሰንብተዋልና በእርስዎ ዘንድ እንዲበረክቱ ምኞቴ ከልብ ነው።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ ዓመት መርፌ የያዘ እጁ አምና መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሐኪም አንዲት ነጭ ክኒን አዘዘለት፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያም ከትልቁ ብልቃጥ ቆጥሮ በትንሽ ፖስታ ሰጠን። በሦስተኛው ሳምንት እጁ ቀጥ አለ። ለዚህ ምስጋናዬ ነቁጥ የለበትም። የቀረው ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

፩. ከብልቃጡ ጋር የመጣው የማስጠንቀቂያ ወረቀት እጃችን እንዳይገባ ስለተደረገልን አመሰግናለሁ። «የሌለ ሰው ማየት» የሚለውን አስቀድመን አንብበን ቢሆን ኖሮ፣ ባለቤቴ ከቀትር በኋላ ባዶ ወንበር ፊት አጎንብሶ ትከሻ ሲለካ ባየሁት ጊዜ ምን እንደሆነ ባወቅሁ ነበር። «ለማን ነው?» አልሁት። «ለጋሼ ነው፤ ከስቷል» አለኝ። ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው፤ በእናታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው፣ ሳይታረቁ፣ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

፪. ይህንኑ ለሐኪሙ ስንነግረው ከሚጽፍበት ካርድ ቀና ሳይል «እድሜ ነው» ስላለን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ገና ኀምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እንግዳው ግን መምጣቱን አልተወም፤ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ አይናገርም። ባለቤቴ ኮት እየሰፋለት ይቅርታ ይለምነዋል። እኔም፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ በዚያ ወንበር መቀመጥ ትቻለሁ።

፫. ይህኛው ምስጋና አይደለም። ባለቤቴ ወንድሙ አንዲት ቃል እንዲመልስለት ብሎ፣ ከእኔ ተደብቆ ክኒኗን ሁለት ሁለት ይውጥ ጀመር። አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ሥር ወድቆ አገኘሁት። ሆስፒታል ሲተኛ ወረቀቱን ፈልጋ፣ ከማናውቀው ቋንቋ እየተረጎመች ያነበበችልኝ ተረኛዋ ነርስ ናት። መጠኑ ተቀነሰ፤ ወንድምየው ቀረ፤ መንቀጥቀጡም ተመለሰ። ኮቱ ያለ እጅጌ ተሰቅሏል። «ሳይመልስልኝ ሄደ» ይላል ባለቤቴ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲለቀስለት በዓይኔ ያየሁት አሁን ነው።

ስለዚህ ያቺ ወረቀት በምናነበው ቋንቋ ተጽፋ ከየክኒኑ ጋር ትሰጠን ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

መጠኑ ካልተቀነሰ አክብሮት ጋር፣
የልብስ ሰፊው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቤቱታዬን ይዤ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዎ «የዓይን ምስክር ካላመጡ አይመዘገብም» ብለውኛል። ከባለቤቴ በቀር ያየ የለም። በመሆኑም መጠኑ ሲቀነስ የተረፉትን ክኒኖች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ውጠው የዓይን ምስክር ይሁኑኝ፤ ለእርስዎ ማን እንደሚመጣ እርስዎ ያውቃሉ።