ድንጋይ ያለበት ቴምብር

ሶዶ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለኤርካሎ፣ ከዘመትክበት ኦጋዴን ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እንሰቱ ደርሷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ልጆች ሳለን ፖስታ ውሃ ውስጥ ነክረን ቴምብሩን ስንልጥ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ስናሰጣ፣ ነፋስ ሲወስድብን ተከትለነው ስንሮጥ ትዝ ይልሃል? የአንተንም እየላጥኩ አስቀምጬልሃለሁ። ብቻ እማዬ አስቸገረችኝ። ፊደል ስለማታውቅ የምታነበው ቴምብሩን ነው። አንበሳ ካለበት «ልጄ ደህና ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። የአክሱም ሐውልት ወይም የአርበኞች መታሰቢያ ከሆነ ግን «ድንጋይ የሚተከለው ለሞተ ሰው ነው» ትልና አንብቤ እስክጨርስ አትቀመጥም። ለዚህ ነበር ባለፈው ደብዳቤዬ አንበሳውን ብቻ ለጥፍ ያልኩህ።

ከዚያ ወዲህ የጻፍከው አልደረሰንም፤ መንገዱ ተበላሽቶ ይሆናል። እማዬ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ መቀመጥ ለምዳለች። «ፀሐዩ ደስ ይላል» ትላለች። አሁን ዝናቡ ገብቷል፤ እሷ ግን እዚያው ናት።

ጎረቤቱ ሁሉ በየስማቸው ሰላም ብለውሃል፤ እማዬም ጉንጭህን ስማለች።

ኤርካሎ፣ አንበሳው ከጠፋ ድንጋዩንም ቢሆን ለጥፍ። ለእማዬ እኔ አስረዳታለሁ።

እህትህ ትርፌ